ከበላይ ዘለቀ በኋላም ጎጃም ዝም አላለም

የጎጃም ታሪክ ሲነገር የተለመደ መንገድ አለው። ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ይነሣል፤ በራስ ኃይሉ በኩል አልፎ የአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ላይ ይደርሳል፤ በ1937 ዓ.ም. ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አዲስ አበባ ላይ ሲሰቀል ያበቃል። ቀጥሎ የምንሰማው የካቲት 1966ን፣ ተማሪውን፣ ታክሲ ነጂውንና ወታደሩን ነው። በመካከል ያለው ሠላሳ ዓመት ገደማ ባዶ ይመስላል። ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጉንደ ወይን ውስጥ የሚያድግ ልጅ የአድዋን ቀን ከነወሩ ይናገራል፤ የአያቱ ዘመን ገበሬ በ1960 የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ተጋፍቶ ግብር እንዳስቀረ ግን አይነገረውም። ይህ አተራረክ ስንፍና ብቻ ሳይሆን በደልም ነው እላለሁ። ገበሬው ለዘመቻ ሲጠራ ብቻ ታሪክ ውስጥ ይገባል፤ በራሱ ጉዳይ በራሱ ሲነሣ ይሰረዛል።

በኅዳር 1960 የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ጥንታዊውን ዐሥራት አስቀርቶ ግብሩን በገቢ መጠን የሚያስከፍል ሕግ ነበር። ወረቀቱን ብቻ ላየው ክፉ አይመስልም፤ ብዙ ያመረተ ብዙ ይክፈል ይላል። ምርቱ የሚታወቀው ግን ገማች ማሳው ድረስ መጥቶ ሲገምት ነው። የጎጃም ገበሬ ገማቹን ተከትሎ የመሬት መለኪያው ቀላድ እንደሚመጣ፣ ቀላድ ከተጣለ ደግሞ ርስቱ በእጁ እንደማይቆይ ፈራ። ፍርሃቱ መሠረት ነበረው። መሬት በቀላድ ተለክቶ ለባለሥልጣንና ለባለሟል የታደለበት፣ ባለመሬት የነበረውም ጭሰኛ የሆነበት ደቡብ ኢትዮጵያ ሩቅ አልነበረም። ጎጃም ከጣሊያን መባረር በኋላ መሬቱን አላስለካም ብሎ የቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው። በዚያ ላይ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ በሕዝቡ ዘንድ የተጠሉ ነበሩ።

ገበሬው ጠመንጃ ከማንሣቱ በፊት አቤት ብሏል። ሽማግሌ መርጦ አዲስ አበባ ድረስ ልኳል። ሰሚ ሲያጣ ገማችም ግብር ሰብሳቢም አላስገባም ብሎ አሻፈረኝ አለ፤ ሞጣና ዳሞት የዓመፁ ዋና ማዕከሎች ሆኑ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ አውሮፕላንም በመንደሮች ላይ ቦምብ ጣለ። ቀደም ሲል ፋሽስትን የተዋጋ አርበኛ የገዛ መንግሥቱ ቦምብ በጎጆው ላይ ሲወርድ አየ። ይህ ሁሉ ሆኖ ገበሬው አልተሸነፈም። ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፤ ከ1940ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የተከማቸው ውዝፍ ግብር ተሰረዘ፤ አዲሱ ግብርም በጎጃም ሳይሰበሰብ ቀረ። በዚያ ዘመን ዙፋኑን እንዲህ ወደ ኋላ የመለሰ ስንት ኃይል ነበር?

ታዲያ ለምን ተረሳ? በ1935 የትግራይ ገበሬ ያስነሣው ቀዳማይ ወያነ ዛሬም ይታወሳል፤ በ1950ዎቹ በእነ ዋቆ ጉቱ የተመራው የባሌ ዓመፅም እንዲሁ። ሁለቱም መታወሳቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሁለቱንም በኋላ የመጡ የፖለቲካ ድርጅቶች የእኛ ብለው ወርሰዋቸዋል። የጎጃሙን የወረሰ ድርጅት የለም። ታሪካችንን የሚያስታውሰው ድርጅት እንጂ ትምህርት ቤት ስላልሆነ፣ ባለቤት ያላገኘው ዓመፅ ከመጽሐፍም ከመድረክም ወደቀ።

ሌላው ምክንያት የተማረው ሰው ንቀት ነው። በ1957 «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው ተማሪ ተራማጅ ይባላል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ መሬቱን ሊከላከል የተነሣው አራሽ ግን «ኋላ ቀር»፣ «ለርስት የቆመ»፣ «ባላባት ያነሣሣው» ተብሎ ይታለፋል። ርስቱን መከላከሉ እውነት ነው። የአካባቢ ባላባቶች መኖራቸውም እውነት ነው። ዓመፁ ርስት ለተከለከለው ለሸማኔው፣ ለቀጥቃጩና ለፋቂው ምንም እንዳላነሣ ደግሞ ሳልደብቅ እናገራለሁ፤ ይህ ከባድ ጉድለቱ ነው። ጉድለት ያለበትን ሁሉ የምንሰርዝ ከሆነ ግን የነገሥታቱ ታሪክ ራሱ አንድ ገጽ አይተርፈውም። ገበሬው የሚፈልገውን ያውቅ ነበር፤ ጠየቀ፣ ተዋጋ፣ አገኘ።

ሌሎች የገበሬ ዓመፅን እንዴት እንደሚያስታውሱ ለማነጻጸር ወደ አሜሪካ እንሻገር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1786 በማሳቹሴትስ ግዛት ገበሬዎች በግብርና በዕዳ ተማረው ተነሡ። ከመሪዎቹ አንዱ ዳንኤል ሼይስ በነፃነቱ ጦርነት ሻምበል ሆኖ የተዋጋ ሰው ነው። እነርሱም እንደ ጎጃሙ ገበሬ መጀመሪያ አቤቱታ ጻፉ፤ ሰሚ ሲያጡ ፍርድ ቤቶችን ዘጉ፤ በጥር 1787 ስፕሪንግፊልድ ያለውን የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሊይዙ ሲሞክሩ መድፍ ተተኮሰባቸው፤ አራት ሰዎች ሞቱ። ዓመፁ ተደመሰሰ። ነገር ግን አገረ ገዥው ጄምስ ቦውደን በዚያው ዓመት ምርጫ ተሸነፉ፤ ዓመፁ የፈጠረው ጭንቀትም በፊላዴልፊያ ሕገ መንግሥት ለመጻፍ የተሰበሰቡትን ሰዎች ገፋፍቷቸዋል። ሼይስ እንደ ጆርጅ ዋሽንግተን ዝነኛ አይደለም፤ የአሜሪካ ተማሪ ግን በመማሪያ መጽሐፉ ያገኘዋል። እዚያ የተሸነፈ ገበሬ ይማሩታል፤ እኛ ያሸነፈውን ጣልነው።

ስለ 1960ው ዓመፅ በሰፊው የጻፈው የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ ነው፤ የትግራይን፣ የባሌንና የጎጃምን ዓመፆች አንድ ላይ አጥንቶ ያሳተመው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ታሪኩ የሚመለከተው ገበሬ ሊያነበው አይችልም። መንግሥት የጻፈው መዝገብ መንግሥት የሚያውቀውን ብቻ ይይዛል። አቤቱታውን ማን ጻፈ፣ ሽማግሌዎቹ እንዴት ተመረጡ፣ ጫካ ለገባው ስንቅ ያደረሱት ሴቶች እነማን ነበሩ፣ ቦምቡ የማንን ቤት አፈረሰ? ይህን የሚያውቁት ያዩት ናቸው።

በ1960 ሃያ ዓመት የነበረው ወጣት ዛሬ ሰማንያ ሊደፍን ጥቂት ቀርቶታል። የጉንደ ወይን፣ የሞጣ፣ የቢቸና የታሪክ መምህራን ሆይ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ እስኪሻሻል አትጠብቁ። ተማሪዎቻችሁን ወደ አያቶቻቸው ላኩ፤ ድምፃቸውን በስልክ ይቅዱ፤ ስም፣ ቦታና ጊዜ ይጻፉ። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም የተቀዳውን ተረክቦ በአማርኛ ያሳትም። ይህ ሥራ ዘንድሮ ካልተጀመረ የሚጠየቅ ሰው አይኖርም።