አጥር ሲገፋ በዕለቱ ይመለስ!



በዚህ ሰሌዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንለጥፈው ስለ ጥበቃ ክፍያ፣ ስለ ፍሳሽ ቦይ ጠረጋና ስለ መዋጮ ነው። በዚህ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ግን ስለ መሬት እንናገራለን። ነገሩ ደጃፋችንን አልፎ ጓሮ ገብቷልና ዝም ማለት አይቻልም።

ዘንድሮ መስቀል ቅዳሜ ዋለ። መሥሪያ ቤት ተዘግቶ፣ ሰው ሁሉ በበዓሉ ላይ እንዳለ፣ በላይኛው መንገድ የሚኖሩት የአንዲት አረጋዊት ጎረቤታችን የጓሮ አጥር በሌሊት ተነቅሎ አራት ሜትር ወደ ውስጥ ተተከለ። እሑድ ጠዋት ቆርቆሮው ተመትቶ አልቋል፤ ዘበኛም ተቀምጦበታል። እሳቸው ሰኞ በማለዳ ካርታቸውን በፌስታል ይዘው ወረዳ ሄዱ፤ እኛም አብረን ሄድን። ማክሰኞ መሐንዲስ መጥቶ ለካ፤ ረቡዕ ደንብ አስከባሪዎች መጥተው ቆርቆሮውን አነሡ፤ አጥሩም ወደ ቦታው ተመለሰ። ዱላ አልተነሣም፤ ሰው አልተጎዳም፤ ማንም ከቤቱ አልወጣም። የጠፋው ነገር ቢኖር የወራሪው ምስማር ነው።

አሁን ደግሞ ታች ወንዝ ዳር እንውረድ። በዚያ ያለው ባዶ ቦታ በጂዳ ሰው ቤት ሠርታ፣ ከወር ደመወዝዋ ቆጥባ የላከች የሠፈራችን ልጅ ይዞታ ነው። ካርታ አለው፤ ግብር ተከፍሎበታል፤ መሠረቱም ወጥቶ ነበር። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በአንድ ቅዳሜና እሑድ መኪና ድንጋይ ገለበጠበት፤ በሦስተኛው ቀን አጥር ሆነ። ወላጆቿ አመለከቱ። «መሐንዲሱ ፊልድ ወጥቷል» ተባሉ። «ነገ ኑ» ተባሉ። «ፋይሉ አልተገኘም» ተባሉ። አባትየው በሽተኛ ሰው ናቸው፤ ደረጃ መውጣትና መውረድ ሰለቻቸው። ይኸውና ዓመት ከስምንት ወር አለፈ። ዛሬ በቦታው ላይ ሦስት ክፍል ቆሟል፤ ሦስት ቤተሰብ ከነልጆቹ ይኖርበታል፤ የመብራት ቆጣሪም ገብቷል። ቦታውን የወረረው ሰው ግን የለም! በመንደር ውል ሸጦላቸው ከሄደ ቆየ።

ልብ በሉ፤ ካርታው ያው ካርታ ነው፤ ሕጉም ያው ሕግ ነው። ላይኛው ጉዳይ በሦስት ቀን አለቀ፤ ታችኛው ግን አሁን ቢፈርስ ያለቅሳሉ፣ ባይፈርስም ያለቅሳሉ። ከወራሪው ይልቅ የሚቀጡት የጂዳዋ ልጅና ገንዘባቸውን ለደላላ ያስረከቡት ሦስቱ ቤተሰቦች ናቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸ ነው።

አንዳንድ ሰው «መሬት እንደሆነ የመንግሥት ነው፤ እናንተን ምን አንጨረጨራችሁ?» ይለናል። እንዲያውም ክርክራችን ከዚሁ ይነሣል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤት መሥሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ፈቀደ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትም የተቋቋሙት በዚሁ አዋጅ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም አለ። ነገር ግን በዚያው አንቀጽ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ የሠራው ቤትና በመሬቱ ላይ ያደረገው ቋሚ ማሻሻያ የራሱ ንብረት እንደሆነ አረጋገጠ። እንግዲህ እኛ በልማድ «የቦታው ባለቤት» የምንለው ሰው በሕግ አነጋገር የቤቱ ባለቤት፣ የመሬቱ ደግሞ ባለይዞታ ነው።

ታዲያ ከዚህ የሚከተለው ምንድር ነው? መሬቱ የእኔ ነው ያለ አካል የመጠበቁ ዕዳም የእርሱ ነው። አንድ አከራይ ቤቱን አከራይቶ፣ ኪራዩን በየወሩ እየተቀበለ፣ ሌላ ሰው በር ገንጥሎ ሲገባ «እናንተው ተነጋገሩ» ቢል ምን ትሉታላችሁ? እኛ ግብር እንከፍላለን፤ የሊዝ ክፍያ ያለበትም ይከፍላል። በምላሹ የምንጠይቀው ልዩ ውለታ አይደለም። የተሰጠን ይዞታ በተሰጠን ወሰን ይከበርልን ነው የምንለው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ሕገ ወጥ ይዞታን ለማስለቀቅ የሰባት የሥራ ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይበቃል ብሎ የደነገገው ለዚሁ ነበር። ሰባት ቀን ያለውን ነገር ሃያ ወር ያደረገው ሕጉ አይደለም።

ዱላ ይዘን እንውጣ ያላችሁ ወጣቶችም አላችሁ። ቁጣችሁ ይገባናል፤ አካሄዳችሁን ግን አንቀበልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1148 ባለይዞታው የኃይል ድርጊትን በዚያው በተፈጸመበት ጊዜ እንዲከላከል ይፈቅዳል፤ ሁኔታው ከሚጠይቀው ያለፈ ጉልበት ግን ይከለክላል። የመንግሥት ሕግ ማስከበር ጥቅሙ እኮ ጎረቤት ከጎረቤት በድንጋይ እንዳይፈነካከት ነው። ሕግ አስከባሪው በቶሎ የመጣ እንደሆነ ጉልበተኛውም ደካማውም በአንድ ሜትር ይለካሉ። የቀረ እንደሆነ ግን ወንድም ያለው ያሸንፋል፤ ባልቴትዋ ወንድም ከየት ታመጣለች?

ከዚሁ ቀጥሎ ያለው ቁጥር 1149 ደግሞ ሁላችንም ልናውቀው የሚገባ ነው። ይዞታው የተወሰደበት ወይም የታወከበት ሰው ይመለስልኝ፣ ሁከት ይወገድልኝ፣ ለደረሰብኝም ጉዳት ልካስ ብሎ ክስ ማቅረብ ይችላል። ይህ ክስ ግን ወረራው ከተፈጸመበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ሁለት ዓመት አለፈ ማለት መብት ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ሆኖም ይህ ቀላሉና አጭሩ በር ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ረጅሙ ክርክር ነው። አሁን ቁጠሩት እስኪ፤ ከመጋቢት 2016 እስከ መጋቢት 2018። የጂዳዋ ልጅ የቀራት አራት ወር ነው! ካርታው በስሟ ስለሆነ ለወላጆቿ ውክልና መላክ አለባት፤ ውክልናው ደግሞ በቆንስላ ተረጋግጦ እስኪደርስ ቀን ይበላል። ቢሮ ለቢሮ መመላለስ ጊዜውን እንደማያቆመው ለአባትየው የነገራቸው ሰው አልነበረም። ወራሪዎች ግን ይህን አሳምረው ያውቃሉ። «ነገ ኑ» የምትለዋ ቃል በማን ኪስ እንደምትገባ እናንተው ገምቱ፤ እኛ «የሻይ» ብለን አንጽፍም።

የወረራውን አካሄድ እዚህ ላይ ዘርዘር እናድርገው፤ ያላየ ሰው ኋላ እንዳይደነግጥ። መጀመሪያ የሚመጣው ደላላ ነው፤ ጠያቂ መስሎ «ይሄ ቦታ የማን ነው? ባለቤቱ አገር ውስጥ አለ?» ይላል። ውጭ አገር ነው የተባለ እንደሆነ ዓይኑ ይበራል። ከዚያ ድንጋይ ይገለበጣል። ቀኑ ሁልጊዜ ዓርብ ማታ ወይም የበዓል ዋዜማ ነው። ሰው ዝም ካለ ቆርቆሮ ይመታል፤ ከዚያም ሌሊቱን የጨረቃ ቤት ይቆማል። ቀጥሎ ወረቀት የማበጀት ሥራ ነው፤ መጀመሪያ የውኃ ወይም የመብራት ደረሰኝ፣ ቀጥሎ የመንደር ውል፣ ከዚያ «የድሮ የአርሶ አደር ይዞታ ነበር» የሚል ምስክር። ምስክሩ ብዙ ጊዜ ሠፈሩን በወጉ የማያውቅ ሰው ነው። በመጨረሻ ቤቱ ሦስት ጊዜ ተሽጦ አራተኛው ገዥ «እኔ በቅን ልቡና ነው የገዛሁት» ይላል፤ እውነቱንም ነው። በዚህ መሰላል ላይ የመጀመሪያዋን እርከን ማንሣት ግማሽ ቀን ይፈጃል። የመጨረሻዋን ማንሣት ግን ዶዘር፣ ፖሊስና እንባ ይጠይቃል። ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል አልሰማንም እንዴ?

ይህ የእኛ ሠፈር ጣጣ ብቻ አይደለም። በጥር 2013 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ራሱ ያስጠናውን ጥናት ሲገልጽ ከ13 ሚሊዮን ካሬ ሜትር በላይ መሬት በሕገ ወጥ መንገድ መያዙን ተናግሯል። በአዋጅ 47 ልክ በ500 ካሬ ሜትር ብናካፍለው ከ26,000 ለሚበልጥ ቤተሰብ ይበቃ ነበር ማለት ነው። ይህ ሁሉ መሬት በአንድ ሌሊት አልተወረረም፤ እያንዳንዱ አጥር የቆመበት አንድ የመጀመሪያ ቀን ነበረው።

ዘግይቶ የመጣ እርምጃ ምን እንደሚያስከትልም አይተናል። በሰኔ 2008 ዓ.ም. በንፋስ ስልክ ላፍቶ ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በጎረቤታችን በለገጣፎ ለገዳዲ በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ሕገ ወጥ ናቸው ተብለው እንዲፈርሱ ሲወሰን፣ ዓመታት የኖሩባቸው ሰዎች ከነልጆቻቸው ሜዳ ላይ ወድቀዋል። «ሲሠራ የት ነበራችሁ?» ብለው የጠየቁት ጥያቄ እስከ ዛሬ በቂ መልስ አላገኘም። እኛም የምንጠይቀው ያንኑ ነው፤ ግን ቤቱ ከመሠራቱ በፊት እንጠይቃለን።

«የደኻ ቤት ይፍረስ ትላላችሁ ወይ?» የሚለንም አለ። አንልም። ወንዝ ዳር ያሉት ሦስቱ ቤተሰቦች ጠላቶቻችን አይደሉም፤ ልጆቻቸው ከልጆቻችን ጋር ነው የሚማሩት። ደኻን የጎዳው ያጠራቀመውን ገንዘብ ወስዶ የሰው መሬት የሸጠለት ደላላ ነው። ይህ ሰው ተፈልጎ ይጠየቅ፤ የወሰደውንም ይመልስ። ሕግ ማስከበር ማለት በዶዘር ፊት የቆመችውን እናት መግፋት ብቻ ከሆነ ግማሽ ሥራ ነው፤ ይበልጡንም የቀለለው ግማሽ ነው።

«መንግሥት ራሱስ ያነሣን የለም ወይ?» ለሚለውም መልስ አለን። ሕገ መንግሥቱ ለሕዝብ ጥቅም የሚነሣ ሰው ለንብረቱ ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ እንዲከፈለው ያዛል። ይህ ሳይፈጸም የተነሣ ሰው ካለ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ስለ እርሱም እንጽፋለን። የአንዱ ጥፋት ለሌላው ወራሪ ፈቃድ አይሆንም።

ከወረዳው የምንፈልገው ብዙ አይደለም። አቤቱታ የቀረበበት ቀንና ሰዓት ተመዝግቦ ለአመልካቹ ቁጥር ይሰጠው፤ ያለ ቁጥር «ነገ ና» አይባል። በቅዳሜ፣ በእሑድና በበዓል ተረኛ ይኑር፤ ወራሪው በሥራ ሰዓት አይሠራምና። ወሰኑ ሳይለካና ይዞታው ሳይጣራ ቆጣሪ አይግባ። ደግሞም እርምጃው ከትልቁ አጥር ይጀምር። የአንዲት ምስኪን የላስቲክ ጎጆ በጠዋት ተነቅሎ ባለ ግንብ አጥሩ ሰውዬ «ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው» ሲባል ያየ ነዋሪ ሕግን እንዴት ያክብር?

ከእናንተም የምንፈልገው አለ። በመስቀል ሌሊት የመዶሻ ድምፅ ሰምቶ ትራሱን ጆሮው ላይ ያደረገ ጎረቤት እንደነበረ እናውቃለን፤ ስሙን አንጠራም። ነገ በእርሱ ጓሮ ሲመታ ማን እንዲሰማለት ነው? ድንጋይ ሲገለበጥ ያየ ሰው የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር ይጻፍ፣ በስልኩ ፎቶግራፍ ያንሣ፣ ለማኅበሩ ይደውል። ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁም ባዶ ቦታቸውን በየሳምንቱ ዞር ብላችሁ እዩላቸው። በመንደር ውል ቦታ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ ገንዘባችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ወደ እኛ ኑ፤ ማጣራቱ ገንዘብ አያስከፍልም።

የፊታችን እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በማኅበሩ አዳራሽ ስብሰባ አለ። የመጀመሪያው አጀንዳ የወንዝ ዳሩ ክስ ከመጋቢት በፊት እንዲቀርብ ለጠበቃ የሚሆን መዋጮ ነው፤ ከየቤቱ 100 ብር ይበቃል ብለናል፤ የሌለው ሰው ቢመጣ ብቻ ይበቃል። ሁለተኛው የበዓል ሌሊት ተረኞችን መምረጥ ነው፤ ገና እየቀረበ ነውና አይዘግይ። የካርታችሁንና የግብር ደረሰኛችሁን ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ ኑ፤ በማኅበሩ መዝገብ ይቀመጥላችኋል። ዋናውን ካርታ ግን ከቤት እንዳታወጡ፤ ለማንም እንዳትሰጡ፤ ለእኛም ቢሆን።

የሠፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር ኮሚቴ