ጡረተኛው መጋዝ ቢያነሳ ምን ነውር አለው?

ሰቆጣ ከተማ ውስጥ አንድ የስልሳ ዓመት ሰው ከሰዓት በኋላ ደጁ ላይ መጋዝ ይዞ ቢታይ፣ ከጎረቤት የሚመጣው ጥያቄ አስቀድሞ ይታወቃል፦ «ምነው ጋሼ፣ ጡረታው አልበቃ አለ እንዴ?»

ጥያቄው ክፋት የለበትም፤ አዛኝነት ነው። ከአዛኝነቱ በስተጀርባ ግን አንድ እምነት አለ። እንጨት የሚሠራ ሰው ወይ አናጢ ነው፣ ወይ ተቸግሯል። ሦስተኛ ምክንያት አይታሰብም። «ልጅ ሆኜ ጀምሬ የተውኩትን አሁን ልማረው ብዬ ነው» ብሎ የሚመልስ ሰው ያስቃል። እንዲህ ላለው ነገር የተሰጠው ስም ራሱ «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» ነው፤ ጊዜው ትርፍ፣ ሥራውም ማሳለፊያ።

ነገሩ ከማሳለፊያ በላይ ነው። በዋግ ኽምራ ደጋ ያደገ የዚያ ትውልድ ወንድ ልጅ እንጨት ሳይነካ አላደገም። እረኛ ሆኖ ዱላውን ልጧል። ለገና ጨዋታ ጫፉ የቆለመመ እንጨት ፍለጋ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ዞሯል። አባቱ ሞፈር ሲጠርብ ማዶውን ጫፍ ይዞ «አታነቃንቀው!» ተብሎ ተቆጥቷል። ከዚያ ትምህርት ቤት ገባ፣ ተማረ፣ አስተማሪ ወይም የቢሮ ሠራተኛ ሆነ፣ እጁ ብዕር ለመደ። መንግሥት በ60 ዓመቱ በጡረታ ሲያሰናብተው ግን ያ ግማሽ ላይ የቀረ ትምህርት እጁ ውስጥ አለ። ማዶውን ጫፍ ይዞ ያየውን ሥራ፣ ዋናውን ጫፍ ይዞ ሠርቶት አያውቅም።

አባቱ ያውቅ የነበረው ደግሞ ቀላል እውቀት አልነበረም። አንድ የእርሻ ዕቃ ብቻ እንውሰድ። ማረሻውንና ወገሉን ብረት ሠሪው ይሠራል፤ የቀረው እንጨት ነው፣ እያንዳንዱም የየራሱን እንጨት ይጠይቃል። ቀንበሩ በበሬ ጫንቃ ላይ ስለሚውል ቀላል፣ ግን የማይሰበር መሆን አለበት። ድግሩ ቀኑን ሙሉ ከአፈርና ከድንጋይ ጋር ስለሚፋተግ እንደ ወይራ ያለ ጠንካራ እንጨት ይፈልጋል። ሞፈሩ ረጅም ነው፤ ጅማቱ ከዳር እስከ ዳር ሳይቆረጥ መሄድ አለበት፣ አለበለዚያ የመጀመሪያው ጉቶ ላይ ይሰነጠቃል። እርፉ በገበሬው እጅ ልክ ይጠረባል። እንጨቱ እርጥብ ሳለ ይጠረብና ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ፀሐይ ላይ የተጣለ እንጨት ይሰነጠቃል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ሜትር አልያዘም፣ መጽሐፍም አልጻፈ። እሱ ሲሞት እውቀቱ አብሮት ይቀበራል። ልጁ ከከተማ መጥቶ ለቅሶ ይደርሳል፣ ሞፈሩን ግድግዳ ተደግፎ ያየዋል፣ እንዴት እንደተሠራ ግን አይነግርህም።

በዚህ አካባቢ እንጨት ሥራ ትንሽ ነገር ነው የሚል ሰው ካለ ከላሊበላ በስተሰሜን ወዳለው ወደ ይምርሃነ ክርስቶስ ይሂድ። ዋሻ ውስጥ የተሠራው ያ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በኖራ የተለሰነ ድንጋይ እየሆነ የተነሣ ነው፤ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ቆሟል። ላሊበላ ላይ ደግሞ ቤተ አማኑኤል አለ። አንድ ወጥ ዐለት ነው፤ ጠራቢዎቹ ግን የእንጨትና የድንጋይ ድርድር አስመስለው ፈልፍለውታል። ድንጋይ ፈልፋዩ አናጢውን ቀድቷል ማለት ነው። የአክሱም ሐውልቶችም ላይ ከግድግዳ ወጣ ያሉ የወራጅ ጫፎች ተቀርጸዋል። ቤተ ክርስቲያን አረጋዊው ብላ የምታከብረው ዮሴፍም እኮ ጠራቢ ነው፤ ያውም በሽምግልናው።

ታዲያ ንቀቱ ከየት መጣ? ከሩቅ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው እየጠራ የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ስለበዛ ነው። እውነት ነው፣ ዋናው መከራ የወደቀው በብረት ሠሪው፣ በሸክላ ሠሪዋና በቆዳ ፋቂው ላይ እንጂ በአናጢው ላይ አልነበረም። ገበሬውም ሞፈሩን ስለጠረበ አልተናቀም። ነገር ግን ዘመናዊ ትምህርት ሲመጣ ሌላ ንቀት ይዞ መጣ፦ የተማረ ሰው እጁን አያቆሽሽም። ለጡረተኛው መምህር የሚከብደው ይሄኛው ነው። ሠላሳ ዓመት «ካልተማርክ አናጢ ትሆናለህ» እያለ ተማሪ ሲያስፈራራ የኖረ ሰው፣ አሁን በዚያው ተማሪው ፊት መሮ ያነሳል።

መሮውን ካነሳ በኋላ የሚገጥመው ሌላ ፈተና ነው። ዐይን ከአርባ ዓመት በኋላ ቅርቡን ማየት ይቸግረዋል፤ በእርሳስ የተሰመረው መስመር ሁለት ሆኖ ይታያል። ወገብ ማጎንበስ አይወድም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ትዕቢት ነው። ልጅ ሳለ ያየው ሥራ ቀላል ይመስለዋል፤ አልጋ ልሥራ ብሎ ይነሳል፣ ጣውላ ያበላሻል፣ አፍሮ ይተወዋል። መጀመር ያለበት ከመሳል ነው። የዶለዶመ መሮ ከተሳለው ይልቅ ጣት ይቆርጣል፣ በጉልበት ስለሚገፋ ያመልጣልና። አንድ ሳምንት ሙሉ መሮና መላጊያ ሲስል ቢከርም አልከሰረም። ቀጥሎ ባለሦስት እግር መቀመጫ። ለምን ሦስት? ወለሉ ምንም ያህል ቢጎረብጥ ሦስት እግር አይነቃነቅም፤ አራት እግር ግን አንዱ በጥፍር ያህል ካጠረ እንግዳ ያንገዳግዳል። ጀማሪን የሚምር ሥራ ነው። የመጀመሪያው ያስቀይማል፤ ለጓዳ ይሁን። አምስተኛው ላይ እንግዳ ይቀመጥበታል።

ለዚህ ሥራ ሽማግሌ ከወጣት የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ አይቸኩልም። ሸጦ የቤት ኪራይ መክፈል የለበትምና፣ እንጨቱ እስኪደርቅ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባ ተቃውሞ ይነሳል። ዋግ ኽምራ ድርቅ የሚመላለስባት፣ ተራራዋ የተራቆተ ምድር ናት። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ አሮጌ ዛፍ ማየት ብርቅ ነው። ሕዝብ ለማገዶ በተቸገረበት አገር ለጨዋታ እንጨት መቁረጥ አያሳፍርም? ያሳፍራል፣ ዛፍ ከተቆረጠ። የሚማር ሰው ግን ዛፍ አያስፈልገውም። የፈረሰ ቤት ወራጅ፣ የተሰበረ በር፣ የዕቃ መጫኛ ሳጥን፣ ከግንባታ የተረፈ የባሕር ዛፍ ቁራጭ ይበቃዋል። እንዲያውም አሮጌ ወራጅ ደርቆ ያለቀ ስለሆነ ከእርጥብ ጣውላ ይሻላል፤ ምስማሩን ነቅሎ መጨረስ ነው ጣጣው። ወይራና ጽድ አይነካም፤ ይህ ከመጀመሪያው ቀን ደንብ መሆን አለበት።

«ሰው በተራበበት ምን ጨዋታ ነው?» የሚሉም አሉ። የተራበ ሰው እህል ይቅደም፤ ክርክር የለውም። ግን ሰቆጣ ውስጥ ጡረተኛ የሆነ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከለቅሶ ቤትና ከሽምግልና ሌላ መዋያ እንዳይኖረው መፍረድ ለተራበው አንድ ቁና እህል አይጨምርለትም።

የጎደለው ቦታ ነው። በኢትዮጵያ «ሼድ» ሲባል ትዝ የሚለው መንግሥት ለተደራጁ ወጣቶች የሚሰጠው የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ሥልጠናውም፣ ብድሩም፣ ማሽኑም ለወጣት ነው። ሥራ አጡ ብዙ ነውና ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ «የወንዶች ሼድ» የሚባል ነገር ተስፋፍቷል፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ተሰብስበው እንጨት የሚሠሩበት፣ አብዛኛው ጥቅሙም ብቸኝነትን ማባረር የሆነ ቦታ። ወደ አየርላንድና ወደ ብሪታንያም ተሻግሯል። ሰቆጣ ይህን ለመቅዳት አዲስ ቤት መሥራት አያስፈልጋትም። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ያለበት ከተማ ሁሉ ወርክሾፕ አለው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ይዘጋል። ሞርሳና የሥራ ጠረጴዛ ተቆልፎባቸው ይውላሉ።

ማሽኑ ተቆልፎ ይቆይ፣ ግድ የለም። በጦርነቱ ጊዜ ያለ መብራት የከረመ አካባቢ የእጅ መሣሪያ ጥቅም አይጠፋውም። አስተማሪ ከዳህናም ሆነ ከጋዝጊብላ ሞፈር የሚጠርብ አንድ አዛውንት ገበሬ ይምጣ፤ ዲፕሎማ አይጠየቅ፣ አበል ግን ይከፈለው። በኽምጥኛ ቢያስተምር ደግሞ የዕቃዎቹና የእንጨቶቹ ስም አብሮ ይተርፋል። ጡረታ የወጣች መምህርት ከመጣችም በሩ ይከፈት፤ እሷ ሞፈር እንድትይዝ እንኳ ጠርቷት የሚያውቅ የለም።

ሥራም ሞልቷል። በአማራ ክልል በጦርነቱ የተጎዱት ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። እግሩ የወለቀ ዴስክ ለጀማሪ ከአልጋ የቀለለ፣ ከመቀመጫ ትንሽ የከበደ ሥራ ነው፤ አንድ እግርና ትንሽ ኮላ። ሠላሳ ዓመት በዚያ ክፍል ያስተማረ ሰው ዴስኩን ሲጠግን የሚያየው ጎረቤት ጡረታው በቅቶት እንደሆነ አይጠይቀውም።

የወርክሾፑ ጥበቃ ግን ቅዳሜ ቁልፉን ማን ፈርሞ እንደሚረከብ መጠየቁ አይቀርም። ከዞኑ አንድ ደብዳቤ ይጻፍለት።