ኤሊዋን አታጉርሷት

በእኛ ማዕድ ላይ «በቃኝ» ማለት ብቻውን አያድንም። እንግዳው ጠግቤያለሁ ቢል «በሞቴ» ይባላል፣ «አፈር ስሆን» ይባላል፣ ጉርሻው ይከተላል፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎም ሁለተኛው ይጨመራል። ለሰው ደግ ልማድ ነው፣ የምከራከረው ነገር የለኝም። ችግር የሚሆነው ይኸው ልማድ ወደ ኤሊ ሲሻገር ነው። አሜሪካ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል ልጆች ውሻ ሲለምኗቸው «ውሻስ ይቅር» ብለው በመስታወት ገንዳ የምትቀመጥ ትንሽ የውሃ ኤሊ የሚገዙ ወላጆች አሉ። ኤሊዋ ሁለት ሦስት ቀን ምንም ሳትቀምስ ስትውል ቤቱ ይጨነቃል። መጀመሪያ ሰላጣ ይቀርባል፣ ቀጥሎ የደረቀ ሽሪምፕ፣ ከዚያ የዶሮ ሥጋ፣ ከዚያ ዳቦ፣ ሁሉም አልሆን ሲል አፏን በጣት ፈልቅቆ ማጉረስ ይጀመራል። አዲስ የመጣች ኤሊ አልበላ ስትል ምግብ መለዋወጡ አብዛኛውን ጊዜ ከንቱ ድካም ነው፣ በግድ ማብላቱ ደግሞ ጉዳት ነው ባይ ነኝ። መጀመሪያ መመርመር ያለበት ያስቀመጥናት ቦታ ነው።

ምክንያቱ ከሰውነቷ አሠራር ይጀምራል። ኤሊ እንደ እባብና እንደ እንሽላሊት ሙቀቷን የምታገኘው ከውጭ ነው። እኛን በብርድ ቀን ከወትሮው የበለጠ ይርበናል፤ ሰውነታችን ምግቡን እያቃጠለ ይሞቃልና። ኤሊ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሙቀት ካጣች የልቧ ምት ይዘገያል፣ አንጀቷ ይዘገያል፣ ምግብ የሚፈጩት ፈሳሾችም ሥራቸውን በቅጡ አይሠሩም። በርዷት ሳለ የዋጠችው ምግብ ሳይፈጭ ሆዷ ውስጥ ተቀምጦ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ የበረዳት ኤሊ አልበላም ስትል ከባለቤቷ የተሻለ ስሌት እየሠራች ነው። በዓለም ገበያ በብዛት የምትሸጠው፣ ከዓይኗ ጀርባ ቀይ ሰረዝ ያላት «ሬድ ኢርድ ስላይደር» የተባለችው የውሃ ኤሊ አገሯ የሚሲሲፒ ወንዝና የገባሮቹ አካባቢ ነው። ለእሷ ውሃው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከውሃው ወጥታ የምትሞቅበት ደረቅ ቦታ ደግሞ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ይስማማታል። ለሰው የሚመች ሳሎን 20 ወይም 21 ዲግሪ ነው። በዚያ ሳሎን ማሞቂያ ሳይገባበት የተቀመጠ ውሃ ከክፍሉም ትንሽ ይቀዘቅዛል። ጣት ነክሮ «ለብ ብሏል» ማለት አያስተማምንም፤ የእኛ እጅ የሚያውቀው የእኛን ምቾት ነው። ሁለት ቴርሞሜትር ገዝቶ አንዱን ውሃው ውስጥ፣ ሌላውን መብራቱ ሥር ማስቀመጥ ከማንኛውም የምግብ ዓይነት የሚቀድም ወጪ ነው።

ከሙቀቱ ቀጥሎ የምግቡ አቀራረብ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። የውሃ ኤሊ ምግብ የምትውጠው ውሃ ውስጥ ሆና ነው። ምላሷ እንደ ልብ አይንቀሳቀስም፣ ምራቋም ደረቅ ነገር አርሶ ወደ ጉሮሮ ለማውረድ አይበቃም። አንገቷን ወርውራ አፏን ስትከፍት ውሃው ምግቡን ይዞላት ይገባል፣ ሥራው ባንድ ቅጽበት ያልቃል። እንግዲህ ደረቅ ድንጋይ ላይ፣ በትንሽ ሳህን፣ በጥንቃቄ ተከትፎ የቀረበላት ነገር ምንም ያህል ቢያምር ለእሷ የሚዋጥ አይደለም፤ ብትነክሰው እንኳ ይዛው ወደ ውሃው መግባት አለባት። ሌላው ፍርሃት ነው። በአገሯ ገና የተፈለፈለች ኤሊ የትልልቅ ወፎች፣ የዓሦችና የራኩኖች ቀለብ ናት፤ ከበላይዋ የሚያጠላ ግዙፍ ነገር ሁሉ የሞት ምልክት ነው። አራት ሰው መስታወቱ ላይ ተደፍቶ «ብይ እንጂ» ሲላት ቅርፊቷ ውስጥ ብትገባ ምን ይገርማል? ምግቡን ውሃው ውስጥ ጥሎ ክፍሉን ለቆ መውጣት፣ ከ15 ወይም ከ20 ደቂቃ በኋላ ተመልሶ የተረፈውን መልቀም ነው። የተረፈው ካልተለቀመ ይበሰብሳል፣ ውሃው አሞኒያ ይሞላዋል፤ እንዲህ ያለው ውሃ ደግሞ ዓይኗን እየለበለበ የቀረውንም ፍላጎት ይዘጋዋል። ልጆችም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እያነሡ ባያሻሿት ይመረጣል። ማባበያ ካስፈለገ የሚንቀሳቀስ ነገር ይሻላል፤ ለሰላጣው ዞር ብላ ያላየችው ኤሊ ውሃ ውስጥ የምትጥመዘመዝ የምድር ትል ስታይ አንገቷን ልትዘረጋ ትችላለች። ትንንሾቹ ስላይደሮች ይበልጡን ሥጋ በል ናቸው፣ ወደ ቅጠላ ቅጠል የሚያዘነብሉት እያደጉ ሲሄዱ ነው።

የብርሃን ጉድለት ቀስ ብሎ የሚጎዳ ነው። ከፀሐይ የሚመጣው አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለው ጨረር ቆዳዋ ላይ ሲያርፍ ሰውነቷ ቫይታሚን ዲ ይሠራል፤ ይህ ሲጎድል የበላችው ካልሲየም አይጠቅማትም፣ ቅርፊቷም እየለሰለሰ ይሄዳል። ገንዳውን መስኮት ሥር ማስቀመጥ ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ነገር ግን የተለመደው የመስኮት መስታወት ይህን ጨረር ያስቀረዋል፣ ሙቀቱን ግን ያስገባዋል፤ ትንሽ ገንዳ ከሆነ በቀትር ፀሐይ ሊቀቅላት ይችላል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራው አምፖልም ቢሆን ብርሃኑ እንደበራ ሆኖ ጨረሩ ይደክማል፤ በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ መቀየር ያለበት ለዚህ ነው። ዓይኗ ያበጠ ኤሊ ጉዳይ ግን ለብቻው ነው። ብዙውን ጊዜ ለወራት በደረቅ ሽሪምፕ ወይም በሥጋ ብቻ ተይዛ ቫይታሚን ኤ ያጠራት ናት። ምግቧን በዓይኗ ስለምትፈልግ ካላየች አትበላም፣ ይህች ደግሞ በትዕግሥት የምትድን አይደለችም።

ጉዳዩ የአሜሪካ ብቻ እንዳይመስል፦ በሀገራችን ስምጥ ሸለቆና በደቡቡ ቆላ የምትገኘው፣ ጀርባዋ እንደ ነብር የተዥጎረጎረው ትልቋ የየብስ ኤሊም አንዳንዴ በሰው እጅ ደጋ ትወጣለች። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ክረምቱ ደመናና ጭቃ ነው። ሲሚንቶ ላይ ያደረች የቆላ ኤሊ ጠዋት ጎመን ቢደረደርላት ባትነካው አይፈረድባትም፤ ፀሐይ መትቷት እስክትሞቅ ጥርስ ቢኖራት እንኳ አታኝክም። (ጥርስ የላትም፤ ኤሊ የምትቆርጠው በመንጋጋዋ ስለታም ጠርዝ ነው።) እንጀራ፣ ዳቦና የተረፈ ሩዝ የሚሰጧትም አሉ። ሆዷ የተሠራው በዋናነት ለሣርና ለዱር ቅጠል ነው፤ እንጀራውንና ዳቦውን ባትበላ ጥሩ፣ ብትበላው ነው የሚከፋው። ሲጀመር የዱር እንስሳ ስለሆነች ያለ ፈቃድ ከቦታዋ አንሥቶ ቤት ማምጣት ሕግን መጣስ ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም።

«ታዲያ እንስሳዋ ስትራብ ቁጭ ብለን እንይ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። መጠበቅ ማለት መርሳት ከሆነ እኔም እቃወማለሁ። ሙቀቱ፣ ብርሃኑና ውሃው ከተስተካከለ በኋላ ጤነኛ የምትመስል ያደገች ኤሊ አንድ ሁለት ሳምንት ሳትበላ ብትቆይ በራሱ አያስደነግጥም፤ በክብደት ከምትመጣጠናት ድመት ጋር ሲነጻጸር ሰውነቷ በቀን የሚያቃጥለው ኃይል እጅግ ጥቂት ነው። ገና የተፈለፈለች ደግሞ ከእንቁላሉ አስኳል የተረፈ ቀለብ በሆዷ ይዛ ስለምትወጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ላትበላ ትችላለች፤ ከዚያ በኋላ ግን ስንቋ ትንሽ ነውና የእኛም ትዕግሥት ማጠር አለበት። መለኪያው የባለቤቱ ጭንቀት ሳይሆን ሚዛን ይሁን። በወጥ ቤት ሚዛን በሳምንት አንዴ መዝኖ በግራም መጻፍ ይቻላል፤ ክብደቷ እየወረደ ከሄደ ሐኪም ጋር መሄድ ነው። ከአፍንጫዋ አረፋ ከወጣ፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች፣ ውሃው ላይ ወደ አንድ ጎን አጋድላ ከተንሳፈፈች ሳንባዋ ታሞ ሊሆን ይችላልና ሚዛኑም አይጠበቅ። ወንድ አጠገቧ ሳይኖርም እንቁላል የምትይዝ ሴት ኤሊ አለች፤ የምትጥልበት አሸዋ ወይም አፈር አጥታ ዕረፍት ስትነሣና በኋላ እግሮቿ ስትቧጥጥ ምግብ መተዋ የተለመደ ነው። ጠጠር ውጣ አንጀቷ የተዘጋባትም አለች። እነዚህን ራጅ እንጂ ጉርሻ አይለያቸውም። በግድ የተከፈተ መንጋጋ ይጎዳል፣ በግድ የገባ ምግብ በአየር ቧንቧዋ ሊሄድ ይችላል። ሐኪም ራሱ በቱቦ መመገብ ካስፈለገው መጀመሪያ ሙቀቷንና የሰውነቷን ፈሳሽ አስተካክሎ ነው።

«የጎረቤታችን ኤሊ በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ሆና ያገኘችውን ሁሉ ትበላለች» የሚለው ሁለተኛው መከራከሪያ ነው። ይህን ማለት የሚቻለው ኤሊ ስትጎዳም ቀስ ብላ ስለሆነ ነው። በደንብ የተያዘች ስላይደር 20 እና 30 ዓመት የምትኖር እንስሳ ናት፤ በሳህን ውስጥ ሁለት ዓመት መቆየቷ ደኅንነቷን አያረጋግጥም። ደግሞ በሳህን ውስጥ ሞተው የተጣሉትን ማን ያወራላቸዋል?

ሦስተኛው የገንዘብ ነው፦ ማሞቂያው፣ ማጣሪያው፣ መብራቱና ገንዳው ሲደመር ኤሊዋ የተገዛችበትን ብዙ እጥፍ ያወጣል። እውነት ነው፣ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። በመዳፍ የምትገባው ትንሽ ነገር ሴት ከሆነች ቅርፊቷ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ የሚችል ሲሆን የገንዳዋ ውሃ በመቶዎች በሚቆጠር ሊትር ይሰላል። ይህን የማይችል ቤት ባይገዛ አያፍርም። በተለይ ሕፃናት ባሉበት ቤት ሌላም ምክንያት አለ። ኤሊዎች ራሳቸው ሳይታመሙ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ይዘው ይዞራሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1975 ቅርፊታቸው ከ4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሴንቲ ሜትር ግድም ያነሰ ኤሊዎችን ለቤት እንስሳነት መሸጥ የከለከለው ለዚህ ነው፤ ሕፃናት ትንሿን ኤሊ አፋቸው ውስጥ ይከቷታልና። የሀገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከልም ከ5 ዓመት በታች ልጅ ላለበት ቤት ኤሊን አይመክርም። ክልከላው እያለ ግን ሳንቲም የሚያካክሉት ዛሬም በመንገድ ዳርና በበዓል ገበያ ይሸጣሉ፤ በሕግ የተከለከለችው ኤሊ ያው ስንቋ አነስተኛ የሆነባትና ረሃብ ቶሎ የሚጥላት ናት። አልበላ ያለችውን አፍ መፈልቀቅ የጀመረ ጣት፣ ሳይታጠብ ወደ ልጅ ጉርሻ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ተስፋ የቆረጠ ባለቤት ብዙ ጊዜ የሚያስበው ሐይቅ ወይም ኩሬ ውስጥ መልቀቅን ነው። ደግነት ይመስላል፣ ነገር ግን ይህች ኤሊ ከዓለም 100 አስከፊ ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ የገባችው በእንዲህ ያለ ደግነት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ ግዛቱ እንዳትገባ ከልክሎ በ2016 ከወራሪዎች መዝገብ አስገባት፤ ጃፓንም በ2023 መሸጥንና ወደ ውጭ መልቀቅን ከልክላለች። መያዝ ያቃተው ሰው ለሚሳቡ እንስሳት ማቆያ ቢሰጣት ይሻላል። ለመግዛት የቆረጠ ደግሞ ገንዳውን ከኤሊዋ በፊት ያምጣ፤ ውሃው ሞልቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ ቴርሞሜትሩ ለጥቂት ቀናት ሳይዋዥቅ ከታየ በኋላ ወደ ሱቅ ይሂድ። ሻጩ ምን ስትበላ እንደነበረ፣ ስንት ዲግሪ ውሃ ውስጥ እንደቆየች ይጠየቅ፣ ዓይን እያየም ይመግባት። «ጠዋት በልታለች፣ አሁን ጠግባ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠመ በሌላ ቀን ተመልሶ ስትበላ አይቶ መግዛት፣ አሁንም ካልበላች ትቶ መሄድ ይቻላል።