ደቃቅ አሸዋ የሚበላሸው ሲረሳ ነው

በየዓመቱ በፈረንጆቹ ሚያዝያ አካባቢ፣ ከሳዑዲ ዓረቢያዋ ጂዛን ማዶ ባሉት የፋራሳን ደሴቶች፣ ሐሪድ የሚባለው ዓሣ በመንጋ ወደ ሐሲስ ዳርቻ ይጠጋል፤ ደሴተኞቹም መረባቸውን ይዘው በፌስቲቫል ይቀበሉታል። ሐሪድ ከበቀቀን ዓሦች ወገን ነው። እነዚህ ዓሦች እንደ መንቁር በተገጣጠመ ጥርሳቸው የሞተ ኮራል ላይ የበቀለውን አልጌ ይፍቃሉ፤ አብሮ የገባውን የኮራል ስባሪ ጉሮሯቸው ውስጥ አድቅቀው ነጭ አሸዋ አድርገው ያስወጡታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ በማልዲቭስ በአንድ ሪፍ ላይ በየዓመቱ ከሚፈጠረው አዲስ አሸዋ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከእነዚህ ዓሦች እንደሚገኝ አሳይቷል። የሪፍ አሸዋ እንግዲህ ሕያዋን የሚሠሩት፣ ትልና ቀንድ አውጣ የሚቆፍሩት፣ ሞገድ የሚያገላብጠው ወለል ነው። በጂዛን፣ በሳብያ ወይም በሳምጣ ሳሎኑ ውስጥ የጨው ውኃ አኳሪየም ያቆመ ሰው ይህን ልብ ሊለው ይገባል። ደቃቅ አሸዋ ገንዳን ያቆሽሻል የሚባለው ክስ ተጠያቂውን ይስታል፤ አሸዋውን የሚያበላሸው ደቃቅነቱ ሳይሆን የሚያንቀሳቅሰው ማጣቱ ነው።

ደቃቅ ቅንጣት ተጠጋግቶ ስለሚተኛ ውኃ በመካከሉ እንደ ልብ አያልፍም። ኦክሲጅን ከላይ ካለው ስስ ንጣፍ ብዙም ሳይወርድ ያልቃል። ከዚያ በታች ያሉ ባክቴሪያዎች በኦክሲጅን ፈንታ ናይትሬትን ተጠቅመው ወደ ናይትሮጂን ጋዝ ይለውጡታል፤ ይህ ለገንዳው ትልቅ ጥቅም ነው። ናይትሬቱም በሚያልቅበት ጥልቀት ግን ሌሎች ባክቴሪያዎች ከሰልፌት ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ያመነጫሉ፤ አሸዋው ይጠቁራል፣ ሲነካ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ይህ መርዝ ካልተነካ አብዛኛው ወደ ላይ ሲወጣ ኦክሲጅን ካለበት ንጣፍ ደርሶ ይከስማል። ለወራት ተረስቶ የኖረን ወለል አንድ ቀን በድንገት መቆፈር ግን ዓሦቹን ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ባለቤቱ ከመጀመሪያው ቀን መወሰን አለበት። ወይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አንጥፎ ሁሉንም በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ ያገላብጣል፣ ወይ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ደልድሎ የላይኛውን ብቻ እያነቃቃ የታችኛውን ፈጽሞ አይነካም። አደጋው ያለው ሳይወስኑ አንጥፎ በመተው ላይ ነው።

የጂዛን ሙቀት ይህን ውሳኔ ያጠብቀዋል። መደበኛ ጨው ያለው የባሕር ውኃ በ25 ዲግሪ ሴልሲየስ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክሲጅን ሲይዝ፣ በ31 ዲግሪ የሚይዘው ወደ 6.1 ይወርዳል። በዚያው ልክ የባክቴሪያዎቹ የኦክሲጅን ፍላጎት በሙቀት ይጨምራል። ኦክሲጅን አልባው ንጣፍ በበጋ ወደ ላይ እየቀረበ ይመጣል ማለት ነው። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ከቆመ ደግሞ ችግሩ ይፈጥናል። በዚህ አገር ቀጭኑ ወለል ይመረጣል የምለው ለዚህ ነው።

አሸዋውን ጨርሶ ማስወገድ ይሻላል የሚሉ አሉ። በባዶ መስተዋት ላይ ኃይለኛ ሞገድ ለቅቆ ቆሻሻውን ወደ ማጣሪያ መግፋት ለአንዳንድ ኮራሎች በእርግጥ ይሠራል። የሚታጣው ግን ቀላል አይደለም። በቀይ ባሕር አሸዋማ ወለል ላይ ጎቢ የሚባለው ትንሽ ዓሣና ጉድጓድ ቆፋሪው ሽሪምፕ በአንድ ጉድጓድ ይኖራሉ። ዓይኑ ደካማ የሆነው ሽሪምፕ አሸዋውን በጥፍሩ እየገፋ ሲያወጣ አንዱን አንቴናውን ከዓሣው ገላ ላይ አያነሳም፤ ዓሣው አደጋ ሲያይ ጭራውን ያርገበግባል፣ ሁለቱም ይሰወራሉ። ባዶ መስተዋት ይህን ኑሮ ይከለክላል፤ ሌሊት አሸዋ ውስጥ ተቀብረው የሚያድሩ ዓሦችንም ማደሪያ ያሳጣል። ጉድጓዱ እንዳይደረመስ ደግሞ ደቃቁ አሸዋ ብቻውን አይበቃም፤ የኮራል ስባሪ ሊቀላቀልበት ይገባል።

ሥራውን ሁሉ አሸዋ ለሚያጣራ ዓሣ መተው ይቻላል የሚለውም መልስ ያሻዋል። አሸዋ የሚያጣራው የጎቢ ዓይነት አሸዋውን በአፉ እየዛቀ በውስጡ ያሉትን ጥቃቅን ፍጥረታት ይበላል፤ በትንሽ ገንዳ ቀለቡን ጨርሶ ሊከሳ፣ የተፋውንም አሸዋ ኮራል ላይ ሊከምር ይችላል። ሥራውን ለቀንድ አውጣና ለትል ማከፋፈል፣ የቀረውን በእጅ መርዳት ይሻላል። አሸዋውን ከደጅ ማምጣትም አያዋጣም። ከተራራው በወንዝ የሚወርደው አሸዋ በአብዛኛው ሲሊኬት ነው፤ ኮራል አጽሙን የሚሠራበትን ካልሲየም ካርቦኔት አይሰጥም። ፋራሳን ደግሞ ጥብቅ ክልል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኗል። የዚያ አሸዋ እዚያው ይቅር።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የደቃቅ አሸዋ አያያዝ ቁም ነገር ጊዜ ላይ ነው። በየሳምንቱ የወለሉን አንድ ማዕዘን ቀስ ብሎ ማነቃቃትና የተነሣውን ደለል በቱቦ መሳብ፣ በቀጣዩ ሳምንት ወደሚቀጥለው ማለፍ ይበቃል። በባሕር ውስጥ ሺህ ፍጥረታት የሚከፋፈሉትን ሥራ በመስተዋት የከለከለ ሰው፣ ሥራውን የመተካት ግዴታ አለበት። ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው ባዶውን መስተዋት ይምረጥ፤ ፈቃደኛ የሆነ ግን አሸዋውን የሚፈራበት ምክንያት የለውም።