ርካሽ ቤት የሚጠቅመው ማንን ነው?

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ፣ ኪራዩም ተቀነሰ። ጎባም ሆነ ሮቤ ውጤቱ አንድ ነው። በዚያ ሳንቲም ጣሪያ የሚቀይር ቀበሌ የለም፤ ቤቱን የያዘም አይለቅም። ከሪራ ለሥራ የሚመጣው ግን ከግለሰብ ጓሮ በገበያ ዋጋ ይከራያል።

አዲስ አበባ በኮንዶሚኒየም ሞከረችው። ዕጣ የደረሳቸው ብዙዎች የባንክ ዕዳው ከብዷቸው ቤቱን አከራዩና ራሳቸው ርካሽ ሰፈር ገቡ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል አስገድዶ የጭማሪውን ተመን ለመንግሥት ሰጠ፤ ነባር ተከራይ ይተነፍሳል፣ አዲስ ክፍል ግን አይሠራበትም።

የሮቤ ማዘጋጃ ቤት በእጁ ያለው ሸቀጥ መሬት ነው። ውኃና መንገድ የገባለት ትንንሽ ቦታ ለቤት ሠሪ ማኅበራት ቶሎ ይስጥ፤ ብሎኬት ሻጩና ግንበኛው ቀሪውን ያውቁበታል።