ሲስተሙ የት ነው ያለው?
ከዓምዱ ጸሐፊ፣ መካነ ሰላም

ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ከመካነ ሰላም ብዙ በማይርቅ የወረዳ ከተማ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ አንድ አዛውንት አሉ። ሌሊት ተነሥተው ከቆላው በእግራቸው እንደመጡ አቧራ የለበሰው ጫማቸው ይናገራል። ከጉያቸው በፌስታል የተጠቀለለ የመሬት ደብተር አወጡና ፌስታሉን ቀስ ብለው ፈትተው በሁለት እጃቸው ወደ መስኮቱ አቀረቡ። ወጣቷ ሠራተኛ ደብተሩን ሳትገልጥ «አባቴ፣ ዛሬ ሲስተም የለም፤ ሰኞ ይመለሱ» አለቻቸው። በትሕትና ነው የተናገረችው፤ እሳቸውም አልተቆጡም። «ልጄ፣ ሲስተሙ የት ነው ያለው?» ብለው ብቻ ጠየቁ። ልጅቷ ወደ ባልደረባዋ ዞር አለች። እሱም አያውቅም። «እኛ ጋ አይደለም» አለች በመጨረሻ። አዛውንቱ ደብተራቸውን መልሰው ጠቅልለው ወጡ።

ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከኅሊናዬ አልወጣም። ዛሬ መሥሪያ ቤቶችና ነጋዴዎች ሥራቸውን «ወደ ክላውድ» ለመውሰድ በሚጣደፉበት ጊዜ ከእሳቸው የተሻለ ጥያቄ ያቀረበ ባለሙያ አላጋጠመኝም። ክላውድን እደግፋለሁ። ነገር ግን መረጃው የት እንደሚቀመጥ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለና መስመር ሲቋረጥ ምን እንደሚደረግ መናገር የማይችል መሥሪያ ቤት አንድ እርምጃ እንዲራመድ አልፈልግም።

ክላውድ የሚባለው ነገር ምሥጢር የለውም። ሶፍትዌሩም መረጃውም በቢሮው ኮምፒውተር ላይ መሆናቸው ቀርቶ ሌላ ቦታ ባሉ ሰርቨሮች ላይ ይቀመጣሉ፤ ሠራተኛው በኢንተርኔት እየገባ ይሠራል፤ ክፍያውም እንደ መብራትና ውኃ በየወሩ ወይም በየዓመቱ ይፈጸማል። ሰርቨር መግዛት፣ ማቀዝቀዝ፣ መጠገንና ከቫይረስ መጠበቅ የአገልግሎት ሰጪው ሥራ ይሆናል። አንድ የአይሲቲ ባለሙያ ብቻ ላለው ወረዳ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። መብራት ሲሄድና ሲመጣ የተቃጠለን ሰርቨር ደሴ ድረስ በአውቶቡስ ጭኖ የሄደ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል።

«ክላውድ ለእኛ ገና ነው» የሚሉ ኃላፊዎች ያጋጥሙኛል። ተሳስተዋል። ከገባ ቆይቷል፤ የገባው ግን በጓሮ በር ነው። የወረዳ ሪፖርት ወደ ዞን የሚላከው በቴሌግራም ነው። የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር፣ ቃለ ጉባኤ፣ የእርዳታ ተቀባዮች ስም፣ ሁሉም በባለሙያው የግል ጂሜይል ውስጥ ይገኛል። ባለሙያው ሲዛወር ወይም ሥራ ሲለቅ የመሥሪያ ቤቱ ታሪክ አብሮት ይሄዳል። ለወንበርና ለጠረጴዛ የርክክብ ሰነድ እንፈራረማለን፤ ለመረጃ ግን የሚፈራረም የለም።

ነጋዴውም ዘንድ ያው ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር ገንዘብ እየተቀበለ ነው፤ ገንዘቡ የተመዘገበበትን ሰርቨር ግን አይቶት አያውቅም። ሒሳቡ ደግሞ በሒሳብ ሠራተኛው ላፕቶፕ ውስጥ በፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር ተይዞ ይቀመጣል። ላፕቶፑ ከወደቀ፣ ከተሰረቀ ወይም ሠራተኛው ከተቀየመ የዓመቱ ሒሳብ የለም። መጠባበቂያ የሚባለው አንድ ፍላሽ ነው፤ እሱም እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነው። ከዚህ አያያዝ ጋር ሲነጻጸር በውል የተያዘ የክላውድ አገልግሎት እጅግ ይሻላል።

እኛ ወሎዎች ግን ለዚህ ጉዳይ ከሌላው በላይ የምንጨነቅበት ምክንያት አለን። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በሰሜኑ ጦርነት ሲያዙ የደሴ ሆስፒታልና የወሎ ዩኒቨርሲቲ ከተዘረፉትና ከወደሙት ተቋማት መካከል ነበሩ። አልጋ፣ ማይክሮስኮፕ፣ ኮምፒውተር ጊዜ ቢወስድም በበጀትና በእርዳታ ይተካል። ኮምፒውተሩ ውስጥ የነበረውን ግን ማን ይተካዋል? የአንዲት እናት የሕክምና ታሪክ፣ የአንድ ተማሪ የአራት ዓመት ውጤት ቅጂው ሌላ ቦታ ከሌለ በገበያ አይገዛም።

ዩክሬን ይህን አስቀድማ አሰበችበት። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የሩሲያ ጦር ከመግባቱ አንድ ሳምንት በፊት ፓርላማዋ የመንግሥት መረጃ ወደ ክላውድ እንዲዛወር የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ጦርነቱ ሲፈነዳ የመንግሥት መዝገቦች ሻንጣ በሚያክሉ መሣሪያዎች እየተጫኑ ከአገር ወጡ። በጦርነቱ መጀመሪያ ላይ የመንግሥት ዳታ ሴንተር በሚሳይል ተመታ፤ መዝገቦቹ ግን ሌላ ቦታ ስለነበሩ መንግሥት ሥራውን አላቆመም። መሬት የማን እንደሆነ፣ ማን ጡረታ እንደሚከፈለው የሚያውቅ አገር ሕንፃው ቢፈርስ እንኳ አገር ሆኖ ይቆያል።

ይህን ብቻ የሰማ ሰው «እንግዲያውስ ሁሉንም ወስደን አንድ ቦታ እናኑረው» ይል ይሆናል። ይህም አደጋ ነው። ደቡብ ኮሪያ በኢንተርኔት ፍጥነት ዓለም የሚቀናባት አገር ናት። መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ዴጆን ከተማ በሚገኘው የመንግሥት ዳታ ሴንተር ባትሪ ተቀጣጥሎ እሳት ተነሣ። ከ600 በላይ የመንግሥት ሲስተሞች ሥራ አቆሙ። ከሁሉም የከፋው የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዳቸውን እንዲያስቀምጡበት የተዘጋጀው ክላውድ መቃጠሉ ነበር። 858 ቴራባይት መረጃ ጠፋ፤ «መጠኑ በዛ» ተብሎ ሌላ ቅጂ አልተያዘለትም ነበርና። ሰርቨሩን የገዙት፣ የተከሉት፣ የጠበቁት ራሳቸው ናቸው። ቅጂ ግን አልነበራቸውም።

ይህን ትምህርት ከኮሪያ መዋስ አልነበረብንም፤ በደጃችን አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ የሰበሰቧቸው ብራናዎች በመቅደላ አምባ ነበሩ። አምባው አስተማማኝ ይመስል ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በሩ ሲሰበር ብራናው በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ወረደ። ዛሬ ወደ 350 የሚጠጉት ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ አሉ። ዋናዎቹን ሊያይ የሚሻ የወሎ ልጅ ፈቃድ የሚጠይቀው ከዚያው ነው። መዝገብህ በሌላ ሰው ቤት፣ በሌላ ሰው ቁልፍ ሲቀመጥ ባለቤትነትህ ልመና ይሆናል።

ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ግን ሌላ መንገድ ተሞከረ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ላይ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና ጽሑፎች ማይክሮፊልም ሥራ በየገዳሙና በየደብሩ ያሉ መጻሕፍትን በፊልም አነሣ። ብራናው የደብሩ እንደሆነ ቀረ። ፊልሙ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ተቀመጠ። ዋናው በባለቤቱ እጅ፣ ቅጂው በሁለት ቦታ፣ የያዘውም ዝርዝር በካታሎግ የታወቀ ነበር። አንድ ወረዳ ስለ ክላውድ ማወቅ የሚገባው ዋናው ነገር ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

መረጃው የት እንደሚቀመጥ የመጀመሪያው ፈተናችን ነው፤ ሁለተኛው መስመር ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማንም አይረሳውም። ከዚያ በፊትም በሰኔ 2012 ዓ.ም. መላው አገር ለሳምንታት ያለ ኢንተርኔት ቆይቷል። የመብራትና የፋይበር መቆረጥማ በየሳምንቱ የምናየው ነው። እዚህ ደጋ ላይ «ኢንተርኔት ሁልጊዜ አለ» ብሎ የተሠራ ሶፍትዌር ዝናብ አይመጣም ብሎ እንደተሠራ ጣሪያ ነው። አዛውንቱን «ሰኞ ይመለሱ» ያስባላቸው ይኸው ነው።

መፍትሔው ግን ከእኛው ቤት ተገኝቷል፤ ያሳየችንም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ታብሌቷን ከነጭ ጋውኗ ሥር በአንገቷ አንጠልጥላ ዳገቱን ትወጣለች። ከጎጆው ደጃፍ መደብ ላይ ተቀምጣ ነፍሰ ጡሯን «ስንተኛ ወርሽ ነው? ክትባት ወስደሻል?» እያለች ትጠይቃለች፤ መልሱን እዚያው ትመዘግባለች። ኔትወርክ የለም፤ ሥራዋ ግን አይቆምም። ድሮ በካርቶን የቤተሰብ ማኅደር ውስጥ የነበረው መረጃ በታብሌቱ ላይ ነው። ኔትወርክ ያለበት ቦታ ስትደርስ ያጠራቀመችው ወደ ላይ ይላካል። የጤናው ዘርፍ ሪፖርት የሚሰበሰብበት፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ዲኤችአይኤስ 2ም መስመር በሌለበት መዝግቦ ኋላ የመላክ አቅም አለው። ጤናው ከቻለ መሬቱ፣ ገቢው፣ ወሳኝ ኩነቱ የማይችልበት ምክንያት የለም። ሶፍትዌር የሚገዛ ኃላፊ ከዋጋው በፊት ይህን ይጠይቅ፦ «መስመር ለሦስት ቀን ቢጠፋ ባለጉዳዬን አስተናግዳለሁ ወይ?»

ሦስተኛው ገንዘቡ ነው። የውጭ ክላውድ ኪራይ የሚከፈለው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ሲቀየር አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዓመታዊ ኪራዩን በዶላር የተዋዋለ ድርጅት ምንም ሳይጨምር ወጪው እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። ወረዳ እንዲህ ያለውን ድንገተኛ ጭማሪ የሚሸከም በጀት የለውም። ኪራዩ ሲቋረጥ ደግሞ አገልግሎቱ ይዘጋል። ስለዚህ በብር የሚከፈል የአገር ውስጥ አማራጭ ካለ መጀመሪያ እሱ ይታይ። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ የሚባል አገልግሎት አለው፤ አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥም የግል ዳታ ሴንተሮች ተከፍተዋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰው መረጃ የያዘ ተቋም በኃላፊነት እንደሚጠየቅና መረጃ ከአገር ሲወጣ በሥርዓት መሆን እንዳለበት ደንግጓል። የእርዳታ ተቀባዮችን ስም በግል ቴሌግራም የሚልክ ባለሙያና የሚያስልከው ኃላፊ ይህን አዋጅ ሊያነቡት ይገባል።

የቆየ ትዝታም አለን። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የወረዳ ቢሮዎችን በመስመር የሚያገናኘው ወረዳኔት ሲዘረጋ ትልቅ ተስፋ ነበር። የሳተላይት ሳህኑ በየወረዳው ቆመ፤ ሰዎች ዘንድ ግን ከሁሉ በላይ የሚታወሰው በስክሪን ስብሰባው ነው። መሣሪያ መትከል ቀላል ነበር፤ የመዝገብ ቤቱን፣ የገንዘብ ክፍሉን፣ የባለጉዳዩን የዕለት ሥራ በመሣሪያው ላይ ማውጣት ነው ያስቸገረው። ዛሬ በአዲስ አበባ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የመሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሳይ ደስ ይለኛል፤ ባለጉዳይን ከቢሮ ቢሮ ከመንከራተት ያድናልና። ወደ ደጋው ሲዘልቅ ግን ከሚያምር አዳራሽ በፊት መስመር ሲጠፋ የሚሠራ ሲስተም ይዞ ይምጣ እላለሁ።

ለዚህ የሚያግዙን ሩቅ አይደሉም፤ በመካነ ሰላም መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አለው። ኮምፒውተር የሚያጠኑ ልጆች አሉ። የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን መረጃ አሰባስቦ ማደራጀት፣ ቅጂ ማስያዝ፣ ሠራተኛ ማሠልጠን ለእነዚህ ልጆች ከማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ የበለጠ ፈተና ይሆናል። አማካሪ ከሩቅ ከመጥራታችን በፊት እነሱን እንጥራ።

ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችና ለነጋዴ ወገኖቼ የማቀርበው ልመና አንድ ነው። ውል ከመፈረማችሁ በፊት በአንድ ገጽ ላይ አራት መልስ ጻፉ፦ መረጃችን የት ነው የሚቀመጠው? ቁልፉን የያዙት ሁለት ሰዎች እነማን ናቸው? ሁለተኛው ቅጂ የት አለ፣ ከእሱ መልሰን ለመሥራት የሞከርነውስ መቼ ነው? ውሉ ሲያበቃ መረጃችንን ይዘን የምንወጣው በምን መንገድ ነው? ገጹን ግድግዳ ላይ ለጥፉት። መልስ ያላገኛችሁለት ጥያቄ ካለ አትፈርሙ። ሥራችሁ አሁንም በግል ጂሜይልና በቴሌግራም የሚሄድ ከሆነም ይህንኑ ገጽ ለእሱ ጻፉለት፤ ባዶውን ስታዩ ምን ያህል እንደዘገያችሁ ይገባችኋል።

ይህን ገጽ ለመጻፍ በጀትም፣ ኢንተርኔትም፣ የዞን ፈቃድም አያስፈልግም። ገጹ በተለጠፈበት ቢሮ አንድ አዛውንት ደብተራቸውን ይዘው «ሲስተሙ የት ነው ያለው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ልጅ አንገቷን ሳትደፋ ትመልስላቸዋለች።