ከተያዘው መሣሪያ ይልቅ የተረፈው ሕይወት ይቆጠር፤ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግና ግድያ በጋሞ ዞን

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድና በምዝገባ ሥር አውሏል። የአዋጁ ውጤት ግን ብዙውን ጊዜ የሚገለጸው በየኬላው በተያዘው የክላሽና የጥይት ብዛት ነው። ይህ መለኪያ የፖሊስን ትጋት ያሳይ እንደሆነ እንጂ የሰው ሕይወት መትረፉን አያሳይም። ሕጉ ግድያን ቀንሷል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የሟቾች ቁጥር ብቻ ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ ሕግ ውጤት ሊኖረው እንደሚችል ይጠቁማል። ሳንታኤላ ቴኖሪዮና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ዳሰሳ የ10 አገሮችን 130 ጥናቶች መርምረው፣ በርካታ ገደቦችን በአንድነት የሚያስፈጽሙ ሕጎች ከመሣሪያ ሞት መቀነስ ጋር እንደሚያያዙ አመልክተዋል። በኮሎምቢያ በ1990ዎቹ በደመወዝና በበዓል ሰሞን መሣሪያ ይዞ መንቀሳቀስ ሲከለከል፣ ክልከላው በጸናባቸው ቀናት የግድያ መጠን በካሊ በ14 በመቶ፣ በቦጎታ በ13 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ክልከላው መሣሪያን ከባለቤቱ አልነጠቀም፤ ጠብ ከሚበዛበት ቀንና ቦታ ግን አርቆታል።

በአንጻሩ በኡጋንዳ ካራሞጃ እ.ኤ.አ. ከ2001 መጨረሻ ጀምሮ የተካሄደው ትጥቅ ማስፈታት ሌላ ትምህርት ይሰጣል። መሣሪያቸውን ያስረከቡ አርብቶ አደሮች በቂ ጥበቃ ባለማግኘታቸው፣ ትጥቅ ያልፈቱ ጎረቤቶቻቸው ከብታቸውን ዘረፏቸው። ዓባያ ሐይቅን ተንተርሶ ከአጎራባች ዞኖች ጋር ለሚዋሰነው የምዕራብ ዓባያ ወረዳ ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ብርብር ላይ የሚካሄድ ምዝገባ ከወሰን ማዶ ካልተደገመ፣ ሕግ አክባሪውን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። ስለዚህ ቁጥጥሩ በአጎራባች ወረዳዎች በአንድ ጊዜ መፈጸምና ከጸጥታ ጥበቃ ጋር መተሳሰር ይኖርበታል።

የጋሞ ሽማግሌዎች ተግባር ለሕጉ አስፈላጊነት መቃወሚያ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ከቡራዩ ግድያ በኋላ በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሡ ወጣቶችን ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘውና ተንበርክከው መልሰዋቸዋል። ባህል ይህን ከቻለ አዋጅ ምን ያደርጋል የሚል ሰው አይጠፋም። ይሁን እንጂ ሽምግልና ጊዜ ይፈልጋል፤ ጥይት ግን ጊዜ አይሰጥም። ሕጉ መሣሪያን ከጠብ ቦታ ሲያርቅ ለሽማግሌው የመንበርከኪያ ጊዜ ያተርፍለታል። እንደ ዱቡሻ ያሉ የጋሞ ሸንጎዎችም በበኩላቸው ምዝገባውን ፖሊስ ብቻውን ሊያገኘው የማይችለውን አመኔታ ያስገኙለታል።

ይህ ሁሉ መላ ምት ሆኖ እንዳይቀር መረጃ ያስፈልጋል። በየወረዳው ፖሊስ መዝገብና በየሆስፒታሉ የእያንዳንዱ ግድያ ቀን፣ ቦታና መንስኤ፣ እንዲሁም ገዳዩ የተጠቀመበት መሣሪያ ዓይነት ሊመዘገብ ይገባል። ከ2012 በፊትና በኋላ ያሉት ዓመታት ሲነጻጸሩ በጥይት የተፈጸመው ግድያ ከሌላው ተለይቶ መታየት አለበት፤ የጥይቱ ቀንሶ የጩቤው ከጨመረ ሕጉ የለወጠው የግድያውን መንገድ ብቻ ሊሆን ይችላልና። በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሕግና የኅብረተሰብ ጤና ተመራማሪዎች ይህን ሥራ በጋራ ቢጀምሩት፣ ክርክሩ ከግምት ወጥቶ በማስረጃ ላይ ይቆማል።